ጋሽ ይመር የጨበጧት ጠጠር

ባለፈው ማክሰኞ፣ ለተግባር ልምምድ ከተመደቡልኝ ተማሪዎች አንዱ ካርድ ታቅፎ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ስትሮክ መትቷቸው የተኙ አንዲት እናት አሉ፤ ከገቡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ጋውኑ የተተኮሰ፣ ድምፁ የማያወላውል። «ቀኝ እጃቸውን አይቻለሁ፤ ጣታቸው አይከፈትም። እጁ አይመለስም ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባና ሁልጊዜ እዚያ የምትኖረውን ጠጠር ዳበሰ። ከዚያ «መጀመሪያ ሂድና በጭብጣቸው ምን እንደያዙ ጠይቃቸው» አልኩት። ልጁ ጤንነቴን የተጠራጠረ ይመስል ትንሽ ቆሞ አየኝና ሄደ።

አልፈርድበትም። በሱ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ነበርኩ፤ እንዲያውም የኔ ይብስ ነበር። ዕድሜዬ ዛሬም ለሽበት የሚያበቃ አይደለም፤ ሽበቱ ግን እስክደርስለት አልጠበቀኝም። እኛ ለውጡንም ጦርነቱንም በጥቂት ዓመት ውስጥ ደራርበን ስላየን፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላኝን ጊዜ ሳስበው የሌላ ሰው ወጣትነት ይመስለኛል።

አምባሰል ውጫሌ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ትምህርቴን ጨርሼ ሐይቅ ከተማ ሆስፒታል ስመደብ የለውጡ ዓመት ነበር። ሚኒባሱ ሁሉ ባንዲራ ሰክቶ ይሮጣል፤ ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ተስፋ ያወራል፤ ለዓመታት የተኳረፉ ጎረቤታሞች ሳይቀሩ ሲታረቁ አይቻለሁ። እኔም በተስፋ ተሞልቼ ነበር። ችግሩ፣ በእውቀትም የተሞላሁ መስሎኝ ነበር። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ የሐይቅ ሰው ግን ይኼን ስም ለመጥራት ምላሱን አላደከመም። «ወጌሻው» አለኝ፤ በቃ ወጌሻው ሆንኩ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ ወጌሻ መባሌ ያንገበግበኝ ነበር። ዛሬ ቢጠሩኝ ደስ ብሎኝ አቤት እላለሁ።

ጥቅምት ነበር። ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ተጠርጓል፤ ከከተማው በታች ያለው ማሽላ ራሱን ማዘንበል ጀምሯል፤ ከማሽላው ወዲያ ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉን ለብሶ ይቆይና ረፋዱ ላይ ይገለጣል። ምሳዬን መንገድ ዳር ካለች አንዲት ቤት እበላ ነበር፤ ከዘይት የወጣ፣ ቆሮሶ የሚሉት አሳ፣ ሎሚና ዳጣ። የአምባሰል ልጅ ስለ አሳ ምን ያውቃል? ተራራው ላይ ከየት አባቱ ያምጣው? በመጀመሪያው ቀን አጥንት አንቆኝ ቤቱ ሁሉ ተሯሯጠልኝ። ያን ቀን ጀርባዬን የመቱልኝ ሰው አሳውን ይዘው የመጡት ራሳቸው ጋሽ ይመር ነበሩ። ሰፊ መዳፍ ነበራቸው፤ ምቱ ዛሬም ይሰማኛል።

ጋሽ ይመር አምሳ ዓመት የዘለሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሐይቁ ላይ መረብ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ሰኞ ማለዳ ከባልንጀራቸው ከጋሽ አሊ ጋር ታንኳ ላይ ሆነው መረብ ሲጎትቱ፣ ቀኝ እጃቸው ድንገት መረቡን ለቀቀ። ጋሽ አሊ «ያዝ እንጂ» ብለው ዞር ሲሉ የጋሽ ይመር አፍ ወደ ጎን ተጣሟል፤ ቃል የለም። ጋሽ አሊ መረቡን እዚያው ጥለው ብቻቸውን እየቀዘፉ ዳር አደረሷቸው፤ ከዚያ በባጃጅ እኛ ዘንድ መጡ። ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ ጎናቸው ግን ደክሟል፤ ከንግግራቸውም አንድ ቃል ብቻ ቀርቷቸዋል። «አብሽር» ይላሉ። ውሃ ሲፈልጉ አብሽር፣ ሲያማቸው አብሽር፣ ሰው ሲያለቅስባቸው አብሽር። ሌላው ቋንቋቸው ሁሉ ሄዶ፣ ወሎ ሰው የሚያጽናናበት ቃል መቅረቱን ያኔ ልብ አላልኩትም።

በትምህርት ቤት ከተማርኩት ሁሉ ልቤን የወሰደው አንድ ነገር ነበር። ስትሮክ የመታው ሰው በሦስተኛው ቀን ግድም እጁን ካየኸው፣ ያ እጅ ከወራት በኋላ ምን ሊሠራ እንደሚችል ብዙውን ጊዜ መገመት ይቻላል። ትከሻው ክንዱን ወደ ጎን ያነሳል? ጣቶቹስ ይከፈታሉ? ትንሽም ቢሆን ከተከፈቱ፣ ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደው ቀጭን መንገድ ጨርሶ አልተቆረጠም ማለት ነው፤ ያ ሰው አንድ ቀን ኩባያ ያነሳል፣ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል። መጨበጥ ብዙም አያስመካም፤ ትናንት የተወለደ ሕፃንም ይጨብጣል። ቁም ነገሩ መክፈቱ ላይ ነው። ይኼን የሰማሁ ቀን በመገረም ራሴን ይዤ ቀረሁ። በአንዲት ጣት እንቅስቃሴ ውስጥ የሰው የወደፊት ኑሮ ተጽፎ ይገኛል፣ እኔም አነብበዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ራስጌ ተቀምጠዋል። ጋሽ ይመርን ክንድዎን ወደ ጎን ያንሱልኝ አልኳቸው፤ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ትንሽ ከፍ አለ። ጥሩ ምልክት ነበር፤ እኔ ግን ወደ ጣቶቹ ቸኩያለሁ። ጭብጣቸው ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ይክፈቱ አልኩ፤ አልተከፈተም። በእጄ ላላቅቀው ስሞክር ይበልጥ ጠበቀ። ጋሽ ይመር አንዴ ሚስታቸውን፣ አንዴ እኔን አዩና ቀስ ብለው «አብሽር፣ አብሽር» አሉኝ። እትዬ ፋጡማም ፈጠን ብለው እጁን በጋቢ ሸፈኑት። አፍረው መሰለኝ። ከስትሮክ በኋላ ጡንቻ የሚኮማተርበት ነገር አለ፤ እሱ ቶሎ መጣባቸው ብዬ ደመደምኩ። ካርዱ ላይም ጣቶች አይከፈቱም፣ እጁ አይመለስም ብዬ በማያሻማ ጽሑፍ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ፈረምኩ።

በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ልጃቸው ሰዓዳ ጠበቀችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛለች። ከሷ በታች ሁለት ታናናሾች አሉ፤ ቤቱን ይዞ የኖረው የአባቷ እጅ ነው። ይኼን ሁሉ በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ያኔ አልጠየቅሁም። እሷ ግን አላቅማማችም።

«እውነቱን ንገረኝ፤ የአባቴ እጅ ከእንግዲህ መረብ ይጎትታል?»

«አይጎትትም» አልኳት። «እጁ አይመለስም። ባዶ ተስፋ አልሰጥሽም።»

አመስግናኝ ሄደች። እኔም እውነት ፊት ለፊት የሚናገር ባለሙያ በመሆኔ ኮርቼ ምሳዬን በላሁ።

ጁምዓ ቀን፣ ከሶላት መልስ፣ ጋሽ አሊና ሌሎች አራት አሳ አጥማጆች ሊጠይቁ መጡ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እያሠራሁ ስለነበር አልወጣሁም። አልጋውን ከበው ዱዓ ጀመሩ። ጋሽ አሊ ይለምናሉ፤ የቀሩት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሚን ይላሉ። በሩ አጠገብ የተኛው ሽማግሌ፣ አንገቱ ላይ ክር ያሰረው ክርስቲያን፣ እሱም መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። የኛ አገር እንዲህ ነው። እኔም ሥራዬን ትቼ ቆምኩ።

ከዚያ የጋሽ ይመር ጋቢ ተንቀሳቀሰ። ግራ እጃቸው ቀድሞ ወጥቶ ተዘረጋ። ቀኙ ተከተለው፤ ክርናቸው አልጋው ላይ እንደተደገፈ፣ ጭብጡ ወደ ላይ ዞረ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ግንባራቸው አልቦታል። መጀመሪያ አውራ ጣታቸው ፈቀቅ አለ። ቀጥሎ ሌባ ጣት፤ እየቆመ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደገና እየጀመረ። መሀል ጣት። ከሱ ጋር ቀጣዩ። ትንሿ ጣት ብቻ እንደታጠፈች ቀረች። ከመዳፋቸው ላይ ሽንብራ የምታህል ጥቁር ጠጠር ተንከባላ አንሶላው ላይ ወደቀች።

ወደ አልጋቸው ተጠጋሁ። ሞቷል ብዬ የፈረምኩበት እጅ ዓይኔ እያየ ተከፈተ፤ እዚያ የቆሙት ሰዎች ግን አልደነገጡም፤ ነገሩን ሲጠብቁት ሰንብተዋል። ጋሽ አሊ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን አበሱና ነገሩን አስረዱኝ። የሐይቁ ሰዎች ልማድ ነው። ታንኳ ላይ እጁ የከዳው ሰው እንደሆነ፣ ባልንጀሮቹ ከራሱ መረብ ሥር ከታሰሩት ማጥለቂያ ጠጠሮች አንዷን ፈትተው፣ ዱዓ አድርገው መዳፉ ውስጥ ያኖሩለታል። መረብ የለቀቀ እጅ መያዝን እንዳይረሳ ነው። እስከ ጁምዓ አይከፍትም፤ ስለሷም አይወራም። ጋሽ ይመር ከማክሰኞ ጀምሮ፣ በዚያ በደከመ እጅ፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሚስታቸው በጨርቅ እያሰሩላቸው፣ ጠጠሯን ይዘዋት ሰንብተዋል።

ስለዚህ እኔ ተኮማተረ ያልኩት ጡንቻ ሰውየው በፈቃዱ ያጠበቀው ነበር። አለመክፈት ብዬ የጻፍኩት አልከፍትም ማለት ነበር። የተማርኩት ሕግ አልተሳሳተም፤ ዛሬም እታመነዋለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እጁን አየሁ፣ ሰውየውን አልጠየቅሁም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳቸው እትዬ ፋጡማን።

«አፈር ስሆን፣ ሐኪም ቤት ገብቶ ስለ ጠጠር የሚያወራ ማን አለ? ትስቁብናላችሁ» አሉ። ከዚያ ደስታቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋና አንሶላውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። «ሰዓዳዬ ይኼን ሳታይ ሄደች።»

የሆነውን ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ሰዓዳ ትናንት እኔን ጠይቃ ወደ ቤት ስትመለስ ደብተሮቿን ጠቅልላ ሰቀለች። ዛሬ ጠዋት ውጫሌ ሄደች፤ ከዚያ ደላላው በአፋር በረሃ፣ ከበረሃው በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ ሊያሻግራቸው ነው። የአባቴ እጅ ካልተመለሰ የኔ እጅ ይሠራል ብላለች። እናትየው ምን ብለው ይከልክሏት? ወጌሻው ተናግሯል። ስልኳ ዝግ ነው።

በዚያ መንገድ የሄዱ ልጆችን አውቃለሁ። የክፍል ጓደኛዬ ሄዶበታል፤ እናቱ ዛሬም መንገድ መንገድ ታያለች። ጠጠሯን ከአንሶላው ላይ አነሳሁና ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ።

ወደ ውጫሌ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ነፍሴ አለቀች። በመንገድም ሹፌሩ የአምባሰል ዘፈን ከፍቶ ቀስ ይላል፤ ሌላ ቀን ቢሆን እኔም አብሬ አንጎራጉር ነበር። ጋውኔን ያዩ ተሳፋሪዎች ማን ታመመ ይሉኛል። እኔ ነኝ ለማለት ምንም አልቀረኝም። ዳገቱን ስንወጣ መስኩ ላይ ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ ተራራው ከፊታችን ተገትሯል፤ እኔ ግን የማየው ጭብጤን ነበር። ጠጠሯን እንዲህ አጥብቄ መያዜን ያወቅሁት ስከፍተው ጣቶቼ ሲያሙኝ ነው። እኔ የያዝኳት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ፣ በጤነኛ እጅ ነው።

የሚሄዱት ልጆች የት እንደሚሰበሰቡ ውጫሌ የማያውቅ የለም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አገኘኋቸው፤ ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፣ አጥሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ደላላው መኪናውን ሊያመጣ ሄዷል። ሰዓዳ እኔን ስታይ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፤ አባቷ የሞተ መሰላት። አልሞቱም አልኳት ቶሎ። ተሳስቻለሁ፤ እጁ ይመለሳል፤ እንሂድ አልኳት።

ሻንጣዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«ትናንት አይመለስም አልክ። ዛሬ ይመለሳል ትላለህ። ነገ ምን እንደምትል በምን አውቃለሁ?»

ሙያዬ፣ የተማርኩት፣ ጋውኔ፣ ምንም አልጠቀመኝም። መዳፌን ዘረጋሁላት። ጠጠሯን አየቻት፤ በጣቷ ነካቻት፤ የአባቷ የመረብ ክር የታሰረበትን ጭረት ዳበሰችው።

«ማን ፈልቅቆ አወጣት?» አለች።

«ማንም። እሳቸው ናቸው ጣታቸውን ከፍተው የጣሏት። በዱዓው መሀል።»

እዚያው አጥሩ ሥር ቁጢጥ አለች። ጠጠሯ እጁ ውስጥ እንዳለች ታውቅ እንደነበር ኋላ በመንገድ ነገረችኝ። እኔ እጁ አይመለስም ስላት ግን፣ የሞተ እጅ ላይ ያስቀመጧት መስሏት ተስፋ ቆረጠች። እነሱ ጠጠሯን ያውቃሉ፣ ጣቶቹ ምን ማለት እንደሆኑ አያውቁም፤ እኔ የጣቶቹን ነገር አውቃለሁ፣ ጠጠሯን አላውቅም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር በመካከላችን የጎደለው። ሻንጣዋን አንስታ ተከተለችኝ። የቀሩት ልጆች ግን አዩን እንጂ አልተነሡም፤ ለነሱ የማሳየው ጠጠር አልነበረኝም። ያቺን አጥር ዛሬም ሳልፍባት ዓይኔን አዞራለሁ።

ስንደርስ ፀሐይ ወደ ተራራው ማዶ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር። ሰዓዳ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ጋሽ ይመር ያን እጃቸውን በብዙ ጭንቅ ወደሷ አመጡት፤ ጣቶቹ ተከፈቱ፣ ፊቷ ላይ አረፉ። «አብሽር» አሏት። በዚያ ሰዓት ሌላ ቃል ቢኖራቸውም የሚናገሩት እሱኑ ይመስለኛል። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ሥራ ነው፣ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ኩባያ ማንሳት፣ ሽንብራ ከሳህን ወደ ሳህን መልቀም፣ ቁልፍ መቆለፍ። የኔ ልምምድ ሲሰለቻቸው ጋሽ አሊ የተቀደደ መረብ አመጡላቸው፤ ከኔ ይልቅ መረቡ አዳናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። በዓመቱ ጥቅምት ታንኳ ላይ ነበሩ። ትንሿ ጣታቸው እስከ መጨረሻው ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋችም። ንግግራቸው እየተጎተተ ሲመለስ መጀመሪያ የነገሩኝ ነገር ያሳቅቀኛልም፣ ያስቀኛልም። «ያኔ አብሽር ያልኩህ እኮ፣ ጁምዓ እስኪደርስ ታገሰኝ ለማለት ነው» አሉኝ። ጠጠሯንም ልመልስላቸው ስል፣ አንተ ያዛት አሉኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐይቅም ውጫሌም የሆኑትን ሆኑ፤ እኔም እንደ ሰዉ ሸሽቼ እንደ ሰዉ ተመለስኩ። ስመለስ የካርድ ክፍሉ በሩ ተገንጥሎ፣ ወረቀቱ ግቢ ውስጥ ተቃጥሎ አመድ ሆኗል። አይመለስም ብዬ የፈረምኩባት ወረቀትም አብራ ሄዳለች። ጋሽ ይመር ግን ሐይቁ ላይ ነበሩ፤ ከሩቅ አይተውኝ በቀኝ እጃቸው መቅዘፊያውን ከፍ አደረጉልኝ። ያን ያህል ነገር ከፈረሰ በኋላ ያን እጅ ማየት፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ቆሜ ቀረሁ። ሰዓዳ ፈተናዋን አልፋ ኮሌጅ ጨረሰች፤ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ስታጣ እሷም ወደ ዓረብ አገር ሄደች። በአውሮፕላን፣ በራሷ ፈቃድ፣ አባቷ ሸኝተዋት ሄደች። በኔ ቃል አልሄደችም።

የማክሰኞው ተማሪዬ ተመልሶ መጣ። «ጠየቅኋቸው፤ ምንም አልያዙም» አለኝ፣ ልክ ነበርኩ በሚል ድምፅ። አብሬው ሄድኩ። የእናትየውን እጅ ያዝኩ፤ ለስላሳና ልል ነው፣ ጣቶቹም አይከፈቱም። ልጁ ልክ ነበር። ተአምር በየአልጋው አይገኝም፤ ይኼንንም ደብቄው አላውቅም። ልጆቻቸው በራፉ ላይ ቆመው ፊታችንን ያነብባሉ፤ የኛን ቃል ይዘው ምን ሊወስኑ እንደተዘጋጁ አላውቅም፤ አሁን ግን ሳልጠይቃቸው አልወጣም።

ተማሪዬ እስክሪብቶውን አውጥቶ ምን ልጻፍ አለኝ። ያየኸውን ጻፍ፣ ያላየኸውን አትጻፍ አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ጣቶቹ እስከ ዛሬ አልተከፈቱም ብሎ ጻፈ። ከዚያ ካርዱን እያጠፈ፣ እንደገና መቼ እንያቸው ብሎ ጠየቀኝ።

«ጁምዓ» አልኩት።